ከጎኔ ማን ይቀመጣል? የአውቶቡስ ታሪክ ከቦንጋ መናኸሪያ ሲታይ



ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ ቡናው ቶና ሲደርስ አንዲት እህታችን ተነሥታ «ማኅበራችን ባጃጅ ቢገዛስ?» አለች። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። በገበያ ቀን ኮረሪማውንና ቅቤውን በጀርባችን አዝለን የምንወጣውን ዳገት ያቃልልልናል። ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ሐኪም ቤት ያደርሳል። በቀረው ጊዜ ደግሞ ሕዝብ እያመላለሰ ለማኅበሩ ሣጥን ገቢ ያስገባል። ግማሾቻችን ሳቅን። አንዷ «መኪና የወንድ ኪሳራ ነው፣ እኛን ምን አገባን!» አለች። ሌላዋ «ለጎማ ብቻ ቁጠባችን ያልቃል» አለች። ሦስተኛው ተቃውሞ የተነገረው ግን ከጆሮ ወደ ጆሮ ነበር። እሱን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል ልጆቻችሁን ሳስተምር የዓድዋንና የመቅደላን ነገር ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ የአውቶቡስን ታሪክ ግን አንድ ቀን እንኳ አስተምሬ አላውቅም። የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረማ። ከዚያ ስብሰባ ስመለስ በመናኸሪያው በኩል አለፍኩና ቆሜ አየሁ። ረዳቱ «ጅማ! ጅማ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ሁለት ሴቶች ጆንያቸውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ሰው ይጎድለኛል እያለም እነሱን አይጠራቸውም፤ ጭነት የሌለው ወንድ መንገደኛ እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ከመኪና በፊት አገራችን የእግርና የበቅሎ አገር ነበረች። የካፋ መንግሥት ራሱን በቦይና በአጥር ከልሎ ይኖር ስለነበር ወደ ውስጥ የሚገባው በታወቁ በሮች ብቻ ነበር። ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዘው እስከ ቦንጋ ይደርሱ ነበር። ሲመለሱ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይጭናሉ። ሰውም ይነዳሉ፤ ይህን መሸፈን አይገባኝም። በዚያ ዘመን ከዚህ አገር ርቃ የሄደች ሴት በአብዛኛው ተሸጣ የሄደች ናት። በ1890 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው የካፋ መንግሥት በምኒልክ ጦር ከወደቀ በኋላም መንገዱ ያው የእግር መንገድ ነበር።

የመኪና መንገድ ወደ ምዕራብ በስፋት የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ የሚወስደውን መንገድ ጣሊያኖች ለጦራቸው ሠሩት። ከነጻነት በኋላ ብዙው ተበላሽቶ ነበር። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ለምን መንገድ ተባለ? ለቡና ነው። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ በአብዛኛው ከቡና ይመጣ ነበር፣ ቡናው ደግሞ ያለው እዚህ እኛ ዘንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመጣልን የጭነት መኪና ነው፤ ሰው የተሳፈረው በቡናው ላይ ነው። ቃል በቃል ማለቴ ነው። እናቴ ልጃገረድ ሳለች ከቦንጋ ጅማ የሄደችው ትሬንታ ኳትሮ በምንለው በጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና፣ በቡና ጆንያ አናት ላይ ተቀምጣ ነው። ክረምት ከሆነ ጭቃው ሲይዝ ሁሉም ወርዶ ይገፋል። ለገፋችበት ቅናሽ አልተደረገላትም፤ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ጣሊያን ጥሏቸው በሄደ ጥቂት ተሽከርካሪዎች የከተማ አውቶቡስ ሥራ ጀመረ። በ1944 ዓ.ም. ይህ አገልግሎት ወደ አክሲዮን ማኅበር ተለወጠ፤ ከባለ አክሲዮኖቹ መካከል የንጉሣውያኑ ቤተሰብ ነበረበት። ሕዝቡ «አንበሳ» ብሎ የሚጠራው አውቶቡስ የመጣው ከዚህ ነው። አንበሳ የድሀ መኪና ነበር። በቀበሌ ቤት የምትኖር እንጀራ ጋጋሪ፣ ተማሪው፣ የቢሮ ተላላኪው፣ ከመርካቶ ሽንኩርት የምታወጣ ቸርቻሪ ሁሉም ይገፋፋበታል። እኔም የኮሌጅ ትምህርቴን አዲስ አበባ ስከታተል ዓመታት ተሳፍሬበታለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ቲኬት ቆራጮቹን ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ከኋላ በር አጠገብ ቁጭ ብለው «ገባ ገባ በሉ!» ሲሉ የጎረምሳ መንጋ ይታዘዝላቸዋል። ከቦንጋ ለሄደች ልጅ ደመወዝ የምታገኝ፣ ወንዶችን የምታዝ ሴት ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አውቶቡሱ ወደ ታሪክ ገባ። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ንሮ ስለነበር መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። ተማሪውና ሥራ አጡ ወጣት አደባባይ ሲወጣ ድንጋዩ ካረፈባቸው ነገሮች አንዱ አውቶቡሱ ነበር፤ የማን ንብረት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና። መንግሥት ደንግጦ የቤንዚኑን ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀነሰ። የካቲት 20 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነካቢኔያቸው ሥራ ለቀቁ። የአብዮቱን መነሻ ስናስተምር ስለ ወሎ ረሃብና ስለ ጦሩ ደመወዝ እንዘረዝራለን፣ ትክክልም ነው። የታሪፍ ጥያቄም አብሮ እንደነበረ ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ታሪፍ ትንሽ ነገር የሚመስለው በእግሩ ሄዶ ለማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስና ለእኔ የከበደውን ክፍል ልጻፍ።

ዓመቱ 1965 ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ነበረች፤ ቦንጋ የአውራጃ ከተማ ናት። ይግባኝ ያለው፣ ደሞዝ የቀረበት፣ ሆዱን የታመመ ሁሉ ጎጀብን ተሻግሮ ጅማ ይወርዳል። እናቴም የመሬት ክርክር ነበረባትና ይዛኝ ሄደች። አሁን ሁለት ሰዓት ከምናምን የሚፈጀው መንገድ በዚያን ጊዜ ደህና ቀን ከሆነ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ይወስድ ነበር። አውቶቡሱ ገና ከቦንጋ ሳይርቅ ቆመና አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ተሳፈረች። ከሰሏን ፖርቶ መጋላው ላይ አስጭናለች። ባዶ የነበረው ቦታ ከእኛ ጎን ያለው ብቻ ነበር። እናቴ የቅቤ ቅሏን አነሣችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። «ሰው አለበት» አለች።

ሴትዮዋ ምንም አልተናገረችም። ረዳቱም ምንም አልተናገረም። በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሸቤ እስክትወርድ ድረስ በዚያው ነበረች። ታሪፉን ግን እንደ እኛው ሙሉውን ከፍላለች፤ ሳንቲሙን ስትቆጥር አይቻታለሁ።

ለምን እንደሆነ የካፋ ሰው የሆናችሁ ሁሉ ገብቷችኋል። ለደጋፊዎቻችን ግን ማስረዳት ይገባኛል። ሴትዮዋ ማንጆ ተብለው ከሚጠሩት ወገኖቻችን ናት። ማንጆዎች ከቀድሞ ጀምሮ በአደን፣ በኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚተዳደሩ ናቸው። ሌላው ካፊቾ ቤቱ አያስገባቸውም ነበር፣ አብሯቸው አይበላም ነበር፣ ምግብ ቢሰጣቸው እንኳ በሳህን ሳይሆን በኮባ ቅጠል ነበር። ይህን ያዘዘ አዋጅ የለም። በአውቶቡሱም ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አልነበረም። የቅቤ ቅል በቂ ነበር።

በነገሥታቱ ዘመን ማንም ከማንም ጋር ጎን ለጎን ለመቀመጥ አይገደድም፤ ሁሉም በየእግሩ ነው የሚሄደው፣ ሲገናኝም አንዱ ከመንገድ ወጥቶ ለሌላው ያሳልፋል። አውቶቡስ ሲመጣ ግን ወንበር መጣ፣ ወንበር ሲመጣ ደግሞ ጎረቤት መጣ። በዓለም ላይ ብዙ ነገር የፈነዳው አውቶቡስ ውስጥ መሆኑ ለዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉ የታወቀው በአሜሪካ አላባማ ግዛት ሞንትጎሞሪ በምትባል መካከለኛ ከተማ የሆነው ነው። እዚያ ልዩነቱ በሕግ የተጻፈ ነበር። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ 10 ሳንቲሙን ለሾፌሩ ይከፍላል፣ ከዚያ ወርዶ በኋላ በር ይገባል። አንዳንድ ሾፌር ሰውዬው ዞሮ ሳይደርስ ጥሎት ይሄድ ነበር። ነጭ ተሳፋሪ ቦታ ሲያጣ ጥቁሩ ይነሣለታል። የሚገርመው ከተሳፋሪዎቹ ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹም በሰው ቤት ምግብ የሚያበስሉና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። ኩባንያው የሚኖረው በማን ሳንቲም እንደሆነ አስቡት።

ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ሮዛ ፓርክስ የምትባል የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ አልነሣም ብላ ታሰረች። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ያልተወራላቸውን ልጥቀስ። ከእሷ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ክላውዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ በዚያው ምክንያት ታስራ ነበር። ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት ደግሞ የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባል ማኅበር ትመራ ነበር፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ለከንቲባው ደብዳቤ ጽፋ ነገሩ ካልተሻሻለ ሕዝቡ አውቶቡሱን ሊተው እንደሚችል አስጠንቅቃለች። ሮዛ በታሰረች ሌሊት ይህች መምህርት ከኮሌጁ ማባዣ ክፍል ገብታ እስኪነጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዛች። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኅዳር 25 ቀን ሰዉ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ 381 ቀን ሄደ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ነዳጁ ነው። በእግር መሄድ ያልቻለውን ለማመላለስ 300 ያህል የግል መኪናዎች ተሰማሩ፤ አብያተ ክርስቲያናትም መኪና ገዙ። ቤንዚን ማን ይግዛ? ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ወጥ ቤት ሠራተኛ ጓደኞቿን ሰብስባ በየቤታቸው ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ መሸጥ ጀመሩ። ገንዘቡን በየስብሰባው ያስረክባሉ። ያበሰሉት ሴቶች ስማቸው ከታወቀ ከሥራ ስለሚባረሩ ማኅበራቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ብለው ሰየሙት፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል መልሱ «ከየትም» ነው። የመድን ድርጅቶች የመኪናዎቹን ውል ሲሰርዙባቸውም ከለንደን ሌላ መድን አገኙ። በመጨረሻ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቅርበው የረቱት አራት ከሳሾችም ሴቶች ናቸው፤ ያቺ የ15 ዓመት ልጅ አንዷ ነበረች። ታኅሣሥ 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ሰዉ በፈለገው ወንበር ተቀመጠ።

ይህን ያነበብኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ስለ አላባማ ነጮች ስናደድ ቆየሁና ድንገት የእናቴ የቅቤ ቅል ትዝ አለኝ።

ከአብዮቱ በኋላ ስላለው ጊዜ በአጭሩ ልለፍ። ደርግ አንበሳን ወረሰ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ ለከተማው ከሆላንድ ዳፍ አውቶቡሶች መጡ። የግል አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ደግሞ «ከተና» በሚባል አደረጃጀት ውስጥ ገብተው መንግሥት ሲያሰማራቸው ብቻ ይሄዱ ነበር። ነዳጅ በራሽን ነው። ጅማ ለመሄድ ሁለትና ሦስት ቀን መናኸሪያ ማደር የተለመደ ሆነ። በ1977 እና በ78 ደግሞ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ከወሎና ከትግራይ ሰፋሪ ጭነው ወደ ምዕራብ መጡ፤ በአጠቃላይ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ በዚያ ዘመቻ ከቀዬው ተነሥቷል፣ ከፊሉ ወደ ከፋ ክፍለ ሀገር ነው የመጣው። ከማኅበራችን አባላት መካከል በልጅነቷ በዚያ መንገድ የመጣች አለች። «አውቶቡስ ስንሳፈር የመጀመሪያችን ነበር፤ ሰርግ የምንሄድ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» ብላኛለች።

ደርግ እኩልነትንም አውጇል። በገበሬ ማኅበርና በመሠረተ ትምህርት ማንጆና ሌላው ካፊቾ አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ይህን ውለታ አልክድም። የመመገቢያው ሳህን ግን አልተለወጠም።

በ1984 ዓ.ም. የትራንስፖርቱ ሥራ ሲለቀቅ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጁ፣ ስምሪቱም በተራ ሆነ። ቅጥቅጥ፣ ሚኒባስ፣ በኋላም አባዱላ መጣ። በአዲስ አበባ አንበሳ በ1986 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ፤ በ2009 ሸገር ተጨመረ። ለእኛ ትልቁ ለውጥ አስፋልቱ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሲለብስ፣ ጎህ ሲቀድ ከቦንጋ ተነሥቶ አዲስ አበባ ማምሸት ተቻለ። የውሽውሽ ሻይ ለቃሚ በጠዋት ቦንጋ ደርሳ ትመለሳለች። ኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ቦንጋ ከርዕሰ ከተሞቹ አንዷ ሆነችና፣ እናቴ ጅማ ትወርድለት የነበረውን ጉዳይ አሁን ሌላው ወደኛ እየመጣ ይጨርሳል።

የከተማ አውቶቡስ ግን የለንም። ዳገቱን የምንወጣው በባጃጅ ነው። ባጃጅ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች አንበሳ ሆኗል፤ ሾፌሩን ሳይጨምር ሦስት ሰው ይይዛል፣ ስንት እንደሚጭን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ባለ ጆንያ ሴት ግን እዚህም የመጨረሻ ናት። «ኮንትራት ያዢ» ትባላለች፤ ኮንትራቱ የኮረሪማዋን ትርፍ ይበላዋል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ልጅ ምጥ ሲይዛት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። የደወልንላቸው ሦስት ባለ ባጃጆች አልመጡም፤ አንዱ የጠየቀው ዋጋ ቤት ውስጥ አልነበረም። በቃሬዛ ነው የወሰድናት። ሴት ልጅ ተገላገለች፣ ደህና ናት። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች ሁለቱ የማንጆ ልጆች ነበሩ፤ ማንም የቅቤ ቅል አላስቀመጠባቸውም። ሲቸግረን ድንበሩን እናውቅበታለን ማለት ነው።

ያ ሦስተኛ ተቃውሞ እንግዲህ ይህ ነው። «ባጃጅ ቢገዛስ?» ብላ የተነሣችው እህታችን የመንጃ ፈቃድ አላት፤ ከእኛ መካከል ብቸኛዋ ናት። በትውልዷ ማንጆ ናት። ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፣ እሷም «ጻፊው፣ የማያውቅ አለ እንዴ?» ብላኛለች። በሹክሹክታ የተባለው «እሷ ከነዳችው ማን ይሳፈርበታል?» የሚል ነው። ያለችውን እህት አልጠራትም። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቼ ዝም ብያለሁና ከእሷ አልሻልም፤ ያ ረዳት በ1965 ዝም እንዳለው ነው ዝም ያልኩት።

አብረን በአንድ ማኅበር ስንቆጥብ አምስት ዓመት አልፎናል። ብሯን በየሳምንቱ ተቀብለን እንቆጥራለን። ብድር ወስዳ መልሳለች፣ ያውም ሳታዘገይ። በስብሰባ ቀን ግን ቡናዋን በየትኛው ሲኒ እንደምናቀርብላት የምታስተውል ታስተውል።

ስለ ወጪው የተነሣው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እሱን በሳቅ አንለፈው። ባጃጅ ጎማ ይበላል፣ ቤንዚን ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ያስይዛል፣ ሦስተኛ ወገን መድን ይፈልጋል፣ በእኛ ጭቃ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። የሞንትጎሞሪ ወጥ ሠሪዎች ገንዘባቸው በየሳምንቱ ይገባ የነበረው በየሳምንቱ ስለሚያበስሉ ነው። እኛም ባጃጁ ቆሞ ቢውል የሚጠግንበትን ከየት እናመጣለን የሚለውን ሳንመልስ አንግዛ። የሂሳብ ሹማችን ግምቱን እየሠራች ነው፤ ቁጥሩ ካልወጣ ካልወጣ ነው፣ እኔም አልቃወምም። ግን በቁጥሩ እንከራከር።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። ሰማንያን እየተጠጋች ነው፣ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው። የቅቤ ቅሉ ጋ ስደርስ ተከፋች። «ስሜን ጻፍሽው?» አለችኝ። አልጻፍኩም አልኳት። ቆይታ «ልጁ እስከ ጎጀብ ድረስ አልቅሷል፤ ቀዝቅዞት ነበር፣ በሩ አይገጥምም ነበር» አለች። እኔ የልጁን ለቅሶ ፈጽሞ አላስታውስም ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስታስታውስ ኖራለች።

የባጃጁ ጉዳይ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። የግምቱ ወረቀት ከፀሐፊዋ ዘንድ ይገኛል፤ ማንበብ ለማትችሉ ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቤቴ እያነበብኩ አስረዳለሁ። ቡና ይኖራል፣ ሲኒውም አንድ ዓይነት ነው።